ሰርጎ ገቡ ፖሊስ እና ከጀርባው ያለው ቢሮ

በሽፋን ሥር የሚሠሩ ፖሊሶችን በሚያሳዩ የወንጀል ፊልሞች ውስጥ ከሞላ ጎደል የማይቀር አንድ ትዕይንት አለ። መጋረጃው በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ በመስታወት ጠረጴዛ ዙሪያ አራት አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ፖሊስ መሆኑን የምናውቀው ተመልካቾቹ ብቻ ነን። የዕፅ አዘዋዋሪዎቹ አለቃ ነጩን ዱቄት በምላጭ እየከፋፈለ በቀጭኑ ይደረድረዋል፣ የብር ኖት ይጠቀልልና ለአዲሱ ሰው ያቀብለዋል፣ ከዚያም ምንም ሳይናገር ዓይን ዓይኑን ያየዋል። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ እጁን ወደ ጃኬቱ ውስጥ ይከታል። ፖሊሱ ዱቄቱን ቢስበው ሊከላከለው የመጣውን ወንጀል ራሱ ፈጸመው ማለት ነው፤ እምቢ ቢል ማንነቱ ይጠረጠራል፤ ለማሰብ ጊዜ ከወሰደም ማሰቡ ራሱ ያጋልጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይስበዋል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ፊልሙም ወደሚቀጥለው ነገር ያልፋል።

በመሐል አዲስ አበባ ይህን መሰል ትዕይንት አይቶ የማያውቅ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። ቀድሞ በፒያሳና በአራት ኪሎ ቪዲዮ ቤቶች፣ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ያዩት የነበረው ፊልም ዛሬ ከቴሌግራም ይወርዳል፣ ወይም በአማርኛ ተራኪ ታጅቦ በስልክ ይታያል። የዚህ ዓይነቱ ፊልም ተወዳጅነት ይገባኛል፤ እኔም እወደዋለሁ። ባለታሪኩ ንጹሕ አይደለም፣ ጎዳናው ቆሻሻ ነው፣ ድሉም ሙሉ አይሆንም፤ የሚዋሸው ለሚያሳድዳቸው ሰዎች ብቻ ሳይሆን ለሚስቱና ለእናቱ ጭምር ነው፤ ከዓመታት በኋላም ከሁለቱ ስሞቹ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ራሱን እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ይሁን እንጂ እነዚህ ፊልሞች፣ የተዋጣላቸው ሳይቀሩ፣ ጉዳዩን በሙሉ በአንድ ሰው ነፍስ ውስጥ ስለሚያኖሩት ዋናውን ነገር ይሰውሩብናል። ሰውየው ወደዚያ ክፍል እንዲገባ ማን ፈቀደለት? ፈቃዱ በጽሑፍ ነበር ወይ? እስከ ምን ድረስ እንዲሄድ ተነገረው? ሲመለስ የሠራውን ሁሉ ለማን አስመዘገበ? ይብቃህ የሚለውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት በተጋረደው ክፍል ሳይሆን እሱን ባሰማራው ቢሮ ውስጥ ነው። ካሜራው ወደዚያ ቢሮ የሚገባው ግን ለጥቂት ደቂቃዎች፣ ያውም አንድ ቁጡ አለቃ ጠረጴዛ ሲደበድብ ለማሳየት ነው።

ጉዳዩ ለእኛ የፊልም ወግ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ነገር በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ወይም ንብረትን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብንና ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን የ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 780 በአዲስ ሲተካ፣ በሽፋን ሥር ምርመራ የሚያካሂድ ሰው፣ አዋጁ ባስቀመጠው ሁኔታ፣ በምርመራው ሂደት ከግድያ በስተቀር በሚፈጽማቸው ወንጀሎች እንዳይጠየቅ የሚያደርግ ድንጋጌ አጽድቋል። የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ደግሞ በዓለም ዙሪያ የቆሸሸ ገንዘብ ከሚፈልቅባቸው ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ነው። በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ጥያቄ እንግዲህ ከስክሪን ወርዶ የአገራችን ሕግ ጥያቄ ሆኗል።

በመጀመሪያ ለፖሊስ ሥራ የሚገባውን መስጠት ተገቢ ነው። ቤቱ የተዘረፈ ሰው ጣቢያ ሄዶ ያመለክታል፤ የተደበደበም ቁስሉን ያሳያል። በዕፅ ንግድ ውስጥ ግን ሻጩም ገዢውም ተፈላልገው የተገናኙ በመሆናቸው አቤት የሚል ተበዳይ የለም፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ፣ በቤተሰብ ኑሮ ላይና በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ንግዱ ደግሞ በእርከን የተሠራ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ሰው ከደቡብ አሜሪካ የተነሳ ኮኬይን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የዋጠ ወይም በሻንጣው ድርብ ወለል ውስጥ የደበቀ ተሸካሚ ነው። የላከውን ሰው የሚያውቀው በቅጽል ስም፣ የሚቀበለውን ሰው ደግሞ በስልክ ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መሠረት ተከሶ ይፈረድበታል፤ ላኪው ግን ሌላ ችግረኛ ፈልጎ ቦታውን ይሞላል። ከሻሸመኔ አካባቢ በሚመጣው ካናቢስም ቢሆን፣ በመሐል ከተማ በፍተሻ የሚገኘው ከአንድ ልጅ ኪስ የወጣ ጥቂት ጥቅልል ነው። ከተሸካሚው በላይ ያለውን ተቀባይ፣ ከተቀባዩም በላይ ያለውን ባለገንዘብ ለማግኘት አንድም ዕቃው በክትትል ሥር እንዲያልፍ መተው፣ አንድም ከመካከላቸው ገብቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በቪየና የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 11 የመጀመሪያውን፣ በ2000 የጸደቀው የተደራጁ ወንጀሎች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 20 ሁለቱንም ዘዴዎች እውቅና ሰጥተዋቸዋል፤ ኢትዮጵያም የሁለቱም ስምምነቶች አባል ናት። ስለዚህ ፖሊስ ሰርጎ መግባት የለበትም የሚል ክርክር የለኝም።

ፊልሞቹ የሚመርጡት ለዓመታት የሚዘልቀውን ሰርጎ ገብነት ነው፤ በተግባር ግን ይህ ብርቅ፣ ውድና አደገኛ ነው። በብዙ አገሮች የዘወትሩ ሥራ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ገዢ መስሎ ቀርቦ ሻጩን እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጠቋሚን መጠቀም ነው። ፊልም ሠሪዎች ስለ ጠቋሚው ብዙም አይጨነቁም፤ ገና በታሪኩ አጋማሽ ይገደላል፣ ይረሳልም። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው እሱ ነው። ጠቋሚው ሥልጠና የለውም፣ ቃለ መሐላም አልፈጸመም፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ተይዞ፣ ከተባበርክ ቅጣትህ ይቀልልሃል የተባለ ሰው ነው። ነጻነቱ በሚያስይዛቸው ሰዎች ቁጥር ላይ ከተንጠለጠለ፣ ወንጀለኛ ባጣ ጊዜ ወንጀለኛ ወደመፍጠር ይገፋፋል። በመሆኑም የሕጉ ከለላ ለሠለጠነው መርማሪ ብቻ ነው ወይስ መርማሪው ለላከው ጠቋሚም ይደርሳል የሚለው ነጥብ በአፈጻጸም ላይ እጅግ ከባድ ልዩነት ያመጣል።

በአዲስ አበባ ረጅሙን ሰርጎ ገብነት የሚያከብድ የከተማዋ የራሷ ጠባይም አለ። ፊልሞቹ ከሚሠሩባቸው ከተሞች በአብዛኞቹ ሰው ማንም ሳያውቀው አሥር ዓመት መኖር ይችላል። እዚህ ግን ሁለት ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የሰፈር ጥያቄ ነው። አንድ መርማሪ ሐሰተኛ ስም ይዞ ከሰዎች ጋር ቡና ቢቀመጥና "ደጃች ውቤ ነው ያደግሁት" ቢል ነገሩ በዚያ አያበቃም። "እነማን ግቢ? የት ተማርክ? እነ እገሌን አታውቃቸውም? ታላቅ ወንድሙ እኮ ከእኛ ጋር ኳስ ይጫወት ነበር" እያሉ ይቀጥላሉ፤ ይህን የሚሉት ስለጠረጠሩት ሳይሆን ሰው ሊያደርጉት ስለፈለጉ ነው። መልሱን አጥንቶ ቢመጣ እንኳ ልቅሶ አለ። በሥላሴ ካቴድራል ወይም በቅዱስ ዮሴፍ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከአንድ ሟች ዙሪያ የሚሰበሰበው ሰው ስንት ዓይነት ነው! የመርማሪው አክስት፣ የድሮ የክፍል ጓደኛው፣ የአዘዋዋሪው የጋራዥ ሸሪክ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በአንድ ድንኳን ይገናኛሉ። አክስቲቱ በእውነተኛ ስሙ ከተጣራች ዓመታት የፈጀ ሽፋን በዚያው ይፈርሳል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲፈርሱ ነባሩ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ተበትኗል፤ ለቅሶና ሠርግ ግን አሁንም መልሰው ያገናኙታል። ከውጭ ፊልም በተቀዳ ዘዴ እዚህ መሥራት እንደማይቻል የሚያሳየው ይህ ነው፤ ረጅሙ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሸክሙ በሙሉ በአጭሩ ግዢና በጠቋሚው ላይ ይወድቃል።

ፊልሞቹ በትክክል ያዩት ነገር ቢኖር የመርማሪውን መጎዳት ነው። ከአንድ ሰው ጋር በልቶ፣ ልጁን ክርስትና አንስቶ፣ ከዚያ እሱኑ አሳልፎ መስጠት በቀላሉ የሚሽር ነገር አይደለም። ሌት ተቀን የሚዋሽ ሰው ለእውነተኛ ቤተሰቡም እውነት መናገር ያቅተዋል። ልምድ ያላቸው የፖሊስ ተቋማት ለዚህ ሲሉ ከመርማሪው ጋር በየጊዜው የሚገናኝ ኃላፊ ይመድባሉ፣ የሥነ ልቦና ክትትል ያደርጋሉ፣ የግዳጁንም ጊዜ ይገድባሉ። ይህም ቢሆን ተመልሶ የቢሮው ሥራ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ላለችው ቅጽበት አገሮች የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1992 ሰርጎ ገብ መርማሪን በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጓ ውስጥ በግልጽ ስታስገባ፣ በሐሰተኛ ማንነት እንዲኖርና በዚያው ማንነት ውል እንዲዋዋል ፈቀደችለት፤ ወንጀል የመፈጸም ጠቅላላ ፈቃድ ግን አልሰጠችውም። ለመሰማራት የዐቃቤ ሕግ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ በታወቀ ተጠርጣሪ ላይ የሚሰማራ ወይም የሰው መኖሪያ ቤት የሚገባ ከሆነ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጨመርበታል። ካናዳ በ2001 በወንጀል ሕጓ ላይ ባደረገችው ማሻሻያ በስም ለተሰየሙ ፖሊሶች የተወሰነ ከለላ ሰጥታለች፤ ዕፅን የሚመለከተውን ደግሞ በተለየ ደንብ ትገዛዋለች። በማሻሻያው ላይ ግን ሆን ብሎ ወይም በወንጀል በሚያስጠይቅ ቸልተኝነት ሞት ወይም የአካል ጉዳት ማድረስ፣ የፍትሕን ሂደት ማሰናከል እና በሰው ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸም ከከለላው ውጭ መሆናቸው በስም ተጽፏል፤ በዚህ ሥልጣን ስንት ጊዜ እንደተሠራበትም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጻል። ብሪታኒያ በ2021 ሕግ ስታወጣ የተከለከሉ ወንጀሎችን ዝርዝር ለማስቀመጥ አልፈቀደችም። የመንግሥቷ ምክንያት ወንጀለኞቹ ዝርዝሩን አንብበው አዲስ የመጣውን ሰው ከዝርዝሩ አንዱን እንዲፈጽም በማዘዝ ይፈትኑታል የሚል ነበር፤ በአጭሩ የጠረጴዛው ትዕይንት በሕግ ክርክር ውስጥ መጣ ማለት ነው።

ይህ መከራከሪያ ፈጽሞ የማይረባ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ለፈተናው መልስ የሚሆነው የወንጀል ዓይነቶችን በሙሉ ክፍት መተው አይደለም። አንድ መስመር ኮኬይን መሳብ፣ የሐሰት መታወቂያ መያዝ ወይም የተሰረቀ መኪና መንዳት በአንድ ወገን፣ ሰው መግረፍ ወይም ሴት መድፈር በሌላ ወገን ናቸው፤ ሁለቱን የሚለየው ገደል ለሕግ አውጪም ለተራ ሰውም ግልጽ ነው። የእኛ ድንጋጌ ከለላው የማይሸፍነው ብሎ ለይቶ የጠራው ግድያን ነው። ከግድያ በታች ያሉት፣ የሰውን አካልና ክብር ለዘለዓለም የሚያበላሹ ወንጀሎች በየትኛው ወገን እንደሚቆሙ በማያሻማ ቃል መጻፍ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 68 ሕግ ያዘዘውን ወይም የፈቀደውን ተግባር መፈጸም ወንጀል እንዳልሆነ አስቀድሞ ይደነግጋል፤ ለጥቃቅኑ የሽፋን ጥሰት በዚህ መንገድ መፍትሔ መስጠት ይቻል ነበር። ለከባዱ ወንጀል ከለላ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የተደበደበው ሰው መርማሪ መታኝ ወይስ አዘዋዋሪ መታኝ ብሎ የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም።

ፊልሞቹ ጨርሶ የማይነኩት፣ በፍርድ ቤት ግን ከሁሉም የሚያከራክረው ሌላው ጉዳይ ማነሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 በፖርቱጋል ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች አንድን አነስተኛ የሐሺሽ ሻጭ ተጠቅመው ወደ ትልልቆቹ ለመድረስ አሰቡ። ሰውየው ሐሺሽ የሚሰጠውን ሰው ሊያገኝላቸው ስላልቻለ ሄሮይን እንፈልጋለን አሉት። እሱም ከዚህ በፊት ምንም የወንጀል ሪከርድ ያልነበረበትን፣ ፖሊስም ጠርጥሮት የማያውቀውን ሌላ ሰው ስም ጠራ። ይህ ሦስተኛ ሰው ዕፁ በቤቱ አልነበረም፤ ከሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ 20 ግራም አምጥቶ ሲያስረክብ ተያዘ፣ ስድስት ዓመት እስራትም ተፈረደበት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1998 ባሳለፈው ውሳኔ ፖሊሶቹ ወንጀልን በዝምታ ከመመርመር አልፈው እንዲፈጸም ገፋፍተዋል፣ ያለ እነሱ ጣልቃ ገብነት ወንጀሉ ይፈጸም እንደነበር የሚያሳይ ነገር የለም፣ ስለዚህ ሰውየው ገና ከመነሻው ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኘም አለ። የዕፅ ወንጀል ከባድ መሆኑ በፖሊስ ማነሳሳት የተገኘን ማስረጃ እንደማያጸድቀውም አስረግጦ ተናገረ።

ይህን ታሪክ ወደ መሐል ከተማችን አምጥቶ ማየት አያስቸግርም። በቸርችል ጎዳና ዳር ካልሲና የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ የ19 ዓመት ልጅ አለ እንበል። ደህና የለበሰ ሰው ተደጋግሞ ይመጣበታል፤ መጀመሪያ ካልሲ ይገዛዋል፣ በሌላ ቀን መልሱን ያዝ ይለዋል፣ ቀጥሎ ምሳ ይጋብዘዋል፣ በመጨረሻም "ጥቂት ሐሺሽ ፈልግልኝ፣ የአንድ ወር ገቢህን እሰጥሃለሁ" ይለዋል። ልጁ ሁለት ጊዜ አላውቅም ብሎ በሦስተኛው ጠይቆ አገኘለት። ይህ ልጅ አዘዋዋሪ ነበር ወይስ አዘዋዋሪ ተደረገ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 36 ሌላውን ሰው ወንጀል እንዲፈጽም ያነሳሳ እንደሚጠየቅ ይደነግጋል፤ አነሳሹ መርማሪ ሆኖ ከለላ ሲያገኝ ግን የተነሳሳው ልጅ ብቻውን ችሎት ይቆማል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራንበት የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 ፖሊስ የሚመረምረውን ሰው በማባበል፣ በማስፈራራት ወይም ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። ይህ ክልከላ የተጻፈው ሰው ከተያዘ በኋላ ስላለው ምርመራ ነው። ከመያዙ በፊት በጎዳና ላይ ስለሚደረገው ማባበልም ዕኩል ግልጽ የሆነ ድንጋጌ ያስፈልገናል፤ አለበለዚያ የልጁ ዕጣ የሚወሰነው ጉዳዩ በደረሰው ዳኛ አመለካከት ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ ልደታ፣ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ ፊልሙ አልቋል፤ የተከሳሹ ነገር ግን ገና መጀመሩ ነው። ዐቃቤ ሕግ ኤግዚቢቱን ያቀርባል። ታሽጎ የነበረው ፖስታ ስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ መቼ እንደተመዘነ፣ ላቦራቶሪ የደረሰው ከገዢው መርማሪ እጅ የወጣው ያው ዕቃ መሆኑን የሚያሳየው በየርክክቡ ላይ ያለው ፊርማ ነው። ከፊርማዎቹ አንዱ ከጎደለ ማስረጃው ይናጋል፤ ሽፋኑን ላለማጋለጥ ሲባል ብዙ ነገር በቃል ብቻ ለሚሠራ መርማሪ ደግሞ ይህ ዋነኛው ወጥመድ ነው። ቀጥሎ የምስክርነቱ ነገር ይመጣል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የምስክር ማንነት እንዲሸሸግ ያስችላል፤ የሰርጎ ገቡ ሕይወት በዚህ ላይ ስለሚንጠለጠል ጥበቃው አስፈላጊ ነው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ከመጋረጃ ጀርባ ያለን ድምፅ የሚጠይቅ ጠበቃ፣ ምስክሩ ደንበኛውን ስንት ጊዜ እንደለመነው፣ ምን ያህል ገንዘብ ቃል እንደገባለት፣ ራሱስ በምን ወንጀል ተይዞ እንደነበር ካላወቀ ጥያቄው ባዶ ይሆናል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው ማንነቱ ተሸሽጎም ቢሆን የሥራው መዝገብ በዳኛ ፊት ሲገለጥ ነው። መዝገብ ከሌለ የሚገለጥ ነገርም አይኖርም።

በዚህች ከተማ ስለ ስውር ፖሊስ ሲነሳ አዋቂዎች ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጆሮ ጠቢ በጠጅ ቤት፣ በቀበሌ፣ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። በመስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በግድግዳው ላይ የደረደራቸው ፎቶዎች ከነዚያ ጥቆማዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ፒያሳ አካባቢ የነበረው ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በተፈራረቁ ሥርዓቶች ሥር የስቃይ ስሙን ይዞ ኖሯል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው በሽፋን ሥር የሚደረግ ምርመራ ሲባል በቅድሚያ የሚታየው ኮኬይን ሳይሆን የፖለቲካ እስረኛ ነው። ይህን ፍርሃት ያለፈ ነገር ነው ብሎ ማጣጣል ስህተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ከታሰበለት ዓላማ ወጥቶ መሄዱ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በለንደን ከ1968 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የሠራ አንድ የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ስውር ክፍል አባላቱን ወደ ተቃውሞ ንቅናቄዎችና የዘመቻ ቡድኖች አስርጎ ያስገባ ነበር። አንዳንዶቹ በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆችን ስም ወስደው ኖሩበት፤ አንዳንዶቹ ከሚሰልሏቸው ሴቶች ጋር ለዓመታት የፍቅር ሕይወት መሥርተው ልጅ እስከ መውለድ ደረሱ። ሴቶቹ አብረዋቸው የኖሩት ሰው ማን እንደነበር ያወቁት ጥሏቸው ከጠፋ በኋላ ነው። ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሰባት ሴቶች ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ያቋቋመው የሕዝብ አጣሪም ሥራውን ጀመረ። ይህ የሆነው ነጻ ፍርድ ቤትና ብርቱ ጋዜጣ ባለበት አገር፣ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ነው። የተበላሸው ደግሞ በመርማሪዎቹ ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ እነዚህ ሰዎች በየጊዜው ሪፖርት የሚጽፉላቸው አለቆች ነበሯቸው።

በአማርኛ የተሠሩ የወንጀል ፊልሞች ላይ ሽጉጥ፣ ጥቁር መነጽርና ፍጥነት ሲበዛ ያየሁት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው። አንድ ደፋር ዳይሬክተር ካሜራውን ወደ ቢሮው ቢያዞረው ከዚህ በላይ ልብ የሚሰቅል ታሪክ ያገኛል። አንዲት የመርማሪ ቡድን ኃላፊ ማታ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ከስሯ ያለው ልጅ በሕይወት መኖሩን የሚገልጸውን የስልክ ጥሪ ትጠብቃለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ዛሬ የሚያበቃ የፈቃድ ወረቀት አለ። ልጁ ሁለት ሳምንት ጨምሩልኝ ብሏል፣ አለቆቿ ውጤት ይፈልጋሉ፣ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ አልፈርምም ብሏል። ከወረቀቱ ሥር ልጁ ባለፈው ሳምንት አንድን ሰው መደብደቡን የሚናገር ሪፖርት አለ፤ ልታስገባው ወይም ልትቀደው ትችላለች።

ለአዲሱ ድንጋጌ ማስፈጸሚያ የሚወጣ መመሪያ ይህችን ኃላፊ ታሳቢ ማድረግ አለበት። የግዳጅ ፈቃዱ በጽሑፍ፣ በስም ለታወቀ መርማሪ፣ ለታወቀ ወንጀልና ለተቆረጠ ጊዜ እንዲሰጥ፤ ማራዘም ሲያስፈልግ ፖሊስ ብቻውን ሳይሆን ፍርድ ቤት እንዲያየው፤ መርማሪው የፈጸመው እያንዳንዱ ጥሰት በተፈጸመ በቀናት ውስጥ እንዲመዘገብና ለዐቃቤ ሕግ እንዲደርስ፤ በጥሰቱ የተጎዳ ሦስተኛ ሰው ካለም መርማሪው ባይጠየቅ እንኳ መንግሥት እንዲክሰው መደንገግ ይቻላል። ስንት ፈቃድ እንደተሰጠ፣ ስንቱ በክስ እንደተቋጨ፣ ከለላውም ለስንት ድርጊት እንደዋለ የሚገልጽ ዓመታዊ ሪፖርት ለምክር ቤቱ የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ቀርቦ ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል። እንዲህ ያለ ቁጥር በሥራ ላይ ያለን የማንንም መርማሪ ማንነት አያጋልጥም።